የበቆጂና የካዛንቺስ ልጆች፦ ዘረመል ስለ ረጅም ርቀት ሩጫ ምን ያስረዳል?

በመስከረም 2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ቶኪዮ ላይ የተካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ለኢትዮጵያ ያለ ወርቅ ተጠናቀቀ። ትዕግስት አሰፋ በማራቶን፣ ዮሚፍ ቀጀልቻ በ10 ሺህ ሜትር የብር፣ ጉዳፍ ፀጋይ በ10 ሺህ ሜትር፣ ሲምቦ ዓለማየሁ በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል የነሐስ ሜዳሊያ አመጡ፤ ከዚያ ሌላ የለም። በወንዶች የ10 ሺህ ሜትር ወርቁ ወደ ፈረንሳይ፣ የ5 ሺህ ሜትሩ ወደ አሜሪካ፣ የመሰናክሉ ወደ ኒውዚላንድ፣ የማራቶኑ ወደ ታንዛኒያ ሄደ። በዚያው ሻምፒዮና በሴቶች ምድብ የሚሳተፉ ሁሉ የጂን ምርመራ እንዲያደርጉ ግዴታ ሆኖ ነበር። ሁለቱ ዜናዎች በአንድ ሰሞን በመድረሳቸው ከስታዲየም ዙሪያ እስከ ፒያሳ ባሉ ቡና ቤቶች የቆየው ክርክር እንደገና ተቀስቅሷል። ሩጫ በደማችን ነው ስንል ኖረናል፤ ታዲያ ደማችን ምን ሆነ?

ጥያቄው የተሳሳተው ከመነሻው ነው፤ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን አንድ ላይ ጠቅልሏል። የመጀመሪያው አብረው ከሚሠለጥኑ፣ አንድ ዓይነት ምግብ ከሚበሉ ሁለት ወጣቶች አንዱ ሌላውን ለምን ጥሎት ይሄዳል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ የዓለም ምርጥ ሯጮች ከአርሲና ከሸዋ ገጠሮች ለምን በዙ የሚል። ዘረመል፣ ማለትም ከወላጅ የሚወረሰው የጂን ነገር፣ ለመጀመሪያው ጥያቄ ጠቃሚ፣ ምንም እንኳ ያልተሟላ፣ መልስ አለው። ለሁለተኛው ግን እስከ አሁን የቀረበው የዘረመል ማስረጃ እንደ ዝናው አይደለም። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ቶኪዮ ላይ የተመረመረው የሩጫ ጂን አይደለም

ግራ መጋባቱን ያባባሰው ምርመራው ስለሆነ እርሱን አስቀድሞ ማጥራት ይሻላል። ጂን ማለት በሕዋሳችን ውስጥ በሚገኘው ዲኤንኤ ላይ የተጻፈ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የሚወስን መመሪያ ነው። የዓለም አትሌቲክስ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ የሚጠይቀው ምርመራ የሚፈልገው ኤስአርዋይ የተባለውን አንድ ጂን ብቻ ነው። ይህ ጂን በዋይ ክሮሞሶም ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ፅንሱ የወንድ የዘር ፍሬ እንዲያወጣ መንገዱን ይከፍታል። ናሙናው ከጉንጭ ውስጥ ወይም ከደም ይወሰዳል፤ በሕይወት ዘመን አንድ ጊዜ ከተደረገም ይበቃል።

ደጋፊዎቹ ምርመራው የሴቶችን ውድድር ፍትሐዊ ያደርጋል ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ የጂኑ መኖር ብቻ ጂኑ መሥራቱን ወይም ሰውነቱ ለወንዴ ሆርሞን ምላሽ መስጠቱን አያሳይም ባዮች ናቸው፤ ጂኑን በ1990 ከለዩት ተመራማሪዎች አንዱ የሆኑት አንድሪው ሲንክለር ከእነዚህ ወገን ናቸው። ክርክሩ ክብደት ያለውና ራሱን የቻለ ነው። ለያዝነው ጉዳይ ግን ነጥቡ አጭር ነው፦ ይህ ምርመራ አንዲት አትሌት 42 ኪሎ ሜትር በምን ፍጥነት እንደምትጨርስ የሚናገረው ነገር የለም። «አትሌቶቻችን ጂናቸው ተወሰደ» እየተባለ የሚወራውም ከሩጫ ችሎታ ጋር አይገናኝም።

ጽናት ከምን ይሠራል?

የስፖርት ሳይንስ የረጅም ርቀት ሯጭን አቅም በሦስት መለኪያዎች ይከፍለዋል። አንደኛው ከፍተኛ የኦክስጅን አወሳሰድ ነው፤ ሰውነት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል ኦክስጅን ወስዶ ሊጠቀም እንደሚችል ያሳያል። ጤናማ ወጣት ወንድ ለእያንዳንዱ የክብደቱ ኪሎ ግራም 40 ወይም 45 ሚሊ ሊትር ያህል ይወስዳል፤ የዓለም ምርጥ ሯጮች ከ70 እስከ 85 ይደርሳሉ። ሁለተኛው ሯጩ ላክቴት የተባለው ንጥረ ነገር በደሙ ውስጥ በፍጥነት መከማቸት ሳይጀምር የዚህን አቅም ስንት እጅ ለረጅም ሰዓት ይዞ መቆየት ይችላል የሚለው ነው።

ሦስተኛው የሩጫ ቁጠባ ይባላል፤ በአንድ ፍጥነት ለመሮጥ የሚወጣው ኦክስጅን መጠን ማለት ነው። በአካባቢያችን ሯጮች ላይ ከሁሉ የሚያስደንቀውም ይኸው ይመስለኛል። በ2007 በታተመ ጥናት ኤርትራዊው ዘርእሰናይ ታደሰ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሮጥ ለእያንዳንዱ የክብደቱ ኪሎ ግራም 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ኦክስጅን ብቻ ሲያወጣ ተመዝግቧል፤ ብዙ ጥሩ ሯጮች 200 አካባቢ ያወጣሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ የባቱ ቅጥነት ነው። ከጉልበት በታች ያለው ክብደት በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ኋላና ወደ ፊት ስለሚወዛወዝ እዚያ ላይ የሚቀነስ ክብደት ከወገብ ከሚቀነስ ተመሳሳይ ክብደት ይልቅ ያተርፋል።

እነዚህ ሦስቱም በልብ ስፋት፣ በቀይ የደም ሕዋስ ብዛት፣ በጡንቻ ዓይነት፣ በአጥንት ርዝመት፣ ማይቶኮንድሪያ በሚባሉት ኃይል አመንጪ የሕዋስ ክፍሎች ብዛት፣ በጅማት መወጠር ላይ ይመሠረታሉ። እያንዳንዳቸውን የሚነካኩት ጂኖች ብዙ ናቸው። ስለዚህ «የሩጫ ጂን» የሚባል አንድ ነገር ይገኛል ብሎ መጠበቅ ከጅምሩ የማይመስል ተስፋ ነበር።

የውርስ ድርሻ ምን ይነግረናል?

ዘረመል ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ክሎድ ቡሻር የመሩትና ሄሪቴጅ የተባለው የሰሜን አሜሪካ ጥናት ስፖርት ሠርተው የማያውቁ 481 ሰዎችን ከ98 ቤተሰቦች ሰብስቦ ለ20 ሳምንታት አንድ ዓይነት ልምምድ አሠራቸው። በአማካይ የኦክስጅን አወሳሰዳቸው በደቂቃ ወደ 400 ሚሊ ሊትር ጨመረ። አማካዩ ግን ዋናውን ነገር ደብቋል፤ አንዳንዶቹ ያን ሁሉ ሳምንት ለፍተው ምንም ያህል ሳይጨምሩ ሌሎቹ አንድ ሊትር ጨመሩ። በአንድ ቤተሰብ ያሉ ሰዎች ለልምምዱ የሰጡት ምላሽ ተቀራራቢ ነበር፤ ተመራማሪዎቹ በሰዎቹ መካከል ከታየው የመሻሻል ልዩነት እስከ 47 በመቶው በቤተሰብ የሚወረስ ሊሆን ይችላል ብለው ገመቱ። አሠልጣኞች «ይህ ልጅ ልምምድ ይቀበላል» የሚሉት ነገር ቤተ ሙከራም ያረጋገጠው ሐቅ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። የውርስ ድርሻ የሚባለው ቁጥር በአንድ ሕዝብ ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ፣ በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ስንት እጁ ከዘረመል ልዩነት እንደሚመጣ ይገልጻል። የቀነኒሳ በቀለ ፍጥነት ግማሹ ከወላጆቹ፣ ግማሹ ከልምምዱ መጣ ማለት አይደለም። ሁለት ሕዝቦችን ለማነጻጸርም አያገለግልም። ከአንድ ጎተራ የወጣ ጤፍ ተከፍሎ ግማሹ ለም ማሳ ላይ፣ ግማሹ ጭንጫ ላይ ቢዘራ፣ በእያንዳንዱ ማሳ ውስጥ በዘለላዎቹ መካከል ለሚታየው የቁመት ልዩነት ዘሩ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱ ማሳዎች መካከል ላለው ልዩነት ግን ምክንያቱ መሬቱ ነው። በቡና ቤቱ ክርክር ዘወትር የሚዘለለው ይህ ነው።

የቤተሰብ ምሳሌም በጥንቃቄ መወሰድ አለበት። እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ ዲባባ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ደራርቱ ቱሉም ዘመዳቸው ናት። የጂን ማስረጃ ተደርገው ይጠቀሳሉ። ነገር ግን እህትማማቾቹ የተጋሩት ዲኤንኤ ብቻ አይደለም፤ መንደር፣ ገበታ፣ አሠልጣኝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቅ አጥልቃ የተመለሰች ዘመድ ተጋርተዋል። ተመራማሪዎች ይህን ለመለየት አንድ ዓይነት መንትዮችን ከሌሎቹ መንትዮች ጋር የሚያወዳድሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

አንድ ጂን ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣበት የታወቀ ታሪክ አለ፤ እርሱም ከአፍሪካ አልመጣም። ፊንላንዳዊው የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ ኤሮ ማንቲራንታ ሰባት የኦሎምፒክ ሜዳሊያ፣ ከእነርሱም ሦስት ወርቅ አግኝቷል። ደሙ ከመጠን በላይ ቀይ ሕዋስ ስለነበረው በአበረታች መድኃኒት ሲጠረጠር ኖረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቤተሰቡ ዲኤንኤ ሲመረመር፣ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲመረት የሚያዘውን ኢፒኦ የተባለ ሆርሞን የሚቀበለው ጂን እርሱና ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ዘመዶቹ ላይ ተለውጦ ተገኘ። ሠላሳዎቹ ሁሉ የኦሎምፒክ ሻምፒዮን አልሆኑም። በኢትዮጵያም ሆነ በኬንያ ሯጮች ላይ እንዲህ ያለ ጂን አልተገኘም።

ተፈልገው ያልተገኙት

ያልተገኘው ስላልተፈለገ አይደለም። በ1998 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ኤሲኢ የተባለውን፣ የደም ግፊትን በመቆጣጠር የሚሳተፍ ጂን መርምረው አንደኛው ዓይነቱ ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን ከ7 ሺህ ሜትር በላይ በወጡ ተራራ ወጪዎች ላይ በዝቶ አገኙት። ጋዜጦች የጽናት ጂን አሉት። በኋላ የስፖርት ሳይንስ ተመራማሪው ያኒስ ፒትሲላዲስና ባልደረቦቻቸው ኬንያና ኢትዮጵያ መጥተው በብሔራዊ ቡድን አትሌቶች ላይ ሲፈትሹት ከሌላው ሕዝብ የተለየ ነገር አላዩም።

ኤሲቲኤን3 የተባለው ጂን ታሪክ ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። ጂኑ ለፈጣን የጡንቻ ክሮች የሚሆን ፕሮቲን ይሠራል፤ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ግን ከሁለቱም ወላጆች የተበላሸ ቅጂ ስለሚወረስ ፕሮቲኑ ጭራሽ አይኖርም። እንዲህ ያሉ ሰዎች በአጭር ርቀት ሯጮች መካከል ጥቂት መሆናቸው በ2003 ከታወቀ በኋላ፣ «እንግዲያው ፕሮቲኑን ማጣት ለረጅም ርቀት ይጠቅማል» የሚል መላ ምት ተከተለ። ሲቆጠር ፕሮቲኑ የሌላቸው ሰዎች በአውሮፓ ከአምስት አንድ ገደማ፣ በኢትዮጵያ ከአሥር አንድ ያህል፣ በኬንያ ደግሞ ከመቶ አንድ አካባቢ ሆነው ተገኙ። መላ ምቱ እውነት ቢሆን ኖሮ ኬንያውያን የማራቶን ጭራ በሆኑ ነበር። የሕክምና ኩባንያዎች ዛሬም ለወላጆች የሚሸጡት የ«ስፖርት ጂን» ምርመራ ከሚያያቸው ጂኖች ዋነኛው ይኸው መሆኑ ይገርማል።

በእናት በኩል ብቻ የሚተላለፈው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤም ተፈትሾ ነበር። የኢትዮጵያ አትሌቶች ከአንድ ጥንታዊት እናት የወረዱ፣ ተለይቶ የኖረ ዘር ይሆኑ ይሆን በሚል ነው። በ2005 የወጣው ውጤት አትሌቶቹ እንደ ሌላው የአገሩ ሰው በልዩ ልዩ የዘር ሐረጎች ላይ የተበተኑ መሆናቸውን አሳየ። በ2016 ደግሞ ከኢትዮጵያና ከኬንያ ጭምር የተውጣጡ 1,520 ምርጥ የጽናት አትሌቶች ከ2,760 ሌሎች ሰዎች ጋር በዲኤንኤያቸው ተነጻጸሩ። ለአትሌቶቹ ሁሉ የጋራ የሆነ የዘረመል መለያ አልተገኘም።

ከፍታውስ?

ከሁሉም የዘረመል ማብራሪያዎች የተሻለ መሠረት ያለው የሚመስለው የከፍታው ነው። ሰው በባሌ ተራሮች ላይ፣ ወደ 3,500 ሜትር ከፍታ፣ ከ40 ሺህ ዓመታት በፊት እንደኖረ በፊንጫ ሃበራ ዋሻ የተገኘው ቅሪት ይመሰክራል። አንትሮፖሎጂስቷ ሲንሺያ ቢል በ2002 ያወጡት ጥናት በሰሜን ተራሮች ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ገበሬዎች ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢናቸው መጠን በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው እንደማይለይ አሳየ። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ነዋሪ ደሙ እየወፈረ ነው ከፍታውን የሚቋቋመው፤ የቲቤት ሰው በሌላ መንገድ ለምዶታል፤ የእኛ ደገኛ የራሱ ሦስተኛ መንገድ አለው። ከ2012 ወዲህ ይህን መላመድ ያመጡ ሊሆኑ የሚችሉ በርካታ ጂኖች ተጠቁመዋል፤ በቲቤት ከታወቁት በአብዛኛው ይለያሉ።

ችግሩ ቀጣዩ ድልድይ አለመሠራቱ ነው። ከፍታን መቋቋምና ሩጫ ማሸነፍ አንድ አይደሉም፤ የቲቤትና የአንዲስ ሕዝቦች የማራቶን ኃያላን አልሆኑም። በዘረመል ጥናቱ ውስጥ ደግሞ ከፍታውን ለብዙ ሺህ ዓመታት የለመዱት የአማራ ደገኞች ሲሆኑ፣ ወደ ባሌ ከፍታዎች የወጡት ኦሮሞዎች ከ500 ዓመታት ያልበለጠ ቆይታ እንዳላቸው ተጠቅሷል። የሜዳሊያው ቁጥር ግን በጥንታዊነቱ ቅደም ተከተል አልተከፋፈለም። ከፍታ ሯጭን የሚጠቅመው እዚያ በመኖርና በመሠልጠን እንጂ የግድ በውርስ አለመሆኑን የምናውቀው ደግሞ የውጭ አገር አትሌቶች ሱሉልታና የኬንያዋ ኢቴን መጥተው ሳምንታት ሲከርሙ፣ ሌሎቹም እንደ አሜሪካዋ ፍላግስታፍና እንደ ስዊዘርላንዷ ሴንት ሞሪትዝ ያሉ ከፍታዎችን ሲፈልጉ ስናይ ነው።

የካዛንቺስ ልጅ ለምን አይሮጥም?

ክርክሩን ከሁሉ በተሻለ የምትፈትነው አዲስ አበባ ራሷ ናት። መስቀል አደባባይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአሰላ ብዙም አያንስም፤ እንጦጦ ላይ ከ3 ሺህ ያልፋል። የከተማው ሕዝብ ከአርሲ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከትግራይ፣ ከጉራጌ የመጣ ነው፤ ብዙው የገጠር አያት አለው። ከፍታው አለ፣ ዘረመሉ አለ፣ የሕዝቡ ብዛትም በሚሊዮን የሚቆጠር ነው። ሆኖም ካዛንቺስ፣ ልደታ ወይም አራት ኪሎ ተወልደው ያደጉ የዓለም ሻምፒዮኖችን ስም ለመጥራት መቸገራችን አይቀርም፤ የትንሿን የአርሲ ከተማ የበቆጂን ሯጮች ስም ግን እንደ ዳዊት እንደግማለን፦ ደራርቱ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ።

በ2003 በታተመው የፒትሲላዲስ ቡድን ጥናት ከመቶ በላይ የብሔራዊ ቡድን አትሌቶች ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ጋር ተነጻጽረው ነበር። ከማራቶን ሯጮቹ የሚበዙት ከአርሲና ከሸዋ መጥተዋል፤ ከሦስቱ ሁለት ያህሉ በልጅነታቸው ትምህርት ቤት የሚሄዱት እየሮጡ ነበር፤ በንጽጽር ቡድኑ ግን ይህን ያለው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። አንድ አትሌት ልጅነቱን ሲያስታውስ ማሳመሩ አይቀርም፤ አንድ ሦስተኛው ደግሞ ወደ ትምህርት ቤት ሳይሮጥ አድጎ ለብሔራዊ ቡድን በቅቷል። ስለዚህ የትምህርት ቤት መንገድም እንደ ጂኑ ብቻውን የሚበቃ ቁልፍ አይደለም። ሌሎች ነገሮችም አሉ፦ በሬና መሬት ተከፋፍሎ ባለቀበት ገጠር የክለብ ደመወዝ ያለው ክብደት፤ እንደ ሥንታየሁ እሸቱ ያለ አሠልጣኝ በቆጂ ሜዳ ላይ ለዓመታት መቆሙ፤ ጎረቤቷ በሩጫ ገንዘብ ቤት ስታስገነባ ያየች ልጅ በማለዳ መነሳቷ። የአዲስ አበባ ልጅ ደግሞ ሜዳ የለውም፤ ስታዲየሙ ለዓመታት እድሳት ላይ ቆይቷል፤ በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ በማለዳ ከሚወጡና ከሚወርዱት መካከልም ለውድድር የሚዘጋጁት ልምምዳቸውን ለማድረግ ወደ ሰንዳፋና ሱሉልታ ይጓዛሉ።

ዘረመል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በቆጂ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ሩጫን እንደ ሥራ ሲሞክሩት፣ ከመካከላቸው ልምምድ የሚቀበል ሳንባና ልብ፣ ቀጭን ባትና ጠንካራ ጅማት አንድ ላይ የገጠመለት ጥቂት ሰው ተለይቶ ይወጣል። ተመሳሳይ ተፈጥሮ ያለው የካዛንቺስ ልጅ ምናልባት ሒሳብ ሹም ሆኗል፤ ማንም ሰዓት ይዞ አልለካውም። ማን እንደሚመረጥ ዘረመል በከፊል ይወስናል፤ ስንት ሰው ወደ ምርጫው እንደሚመጣ ግን የሚወስኑት ሌሎች ነገሮች ናቸው።

የጂን ወገን ተገቢ ጥያቄዎች

ለፍትሕ ያህል፣ ዘረመልን የሚያስቀድሙት ወገኖች የሚያነሱት ነጥብ ባዶ አይደለም። እስከ አሁን የተደረጉት ጥናቶች አነስተኛ ናቸው፤ የዓለም ምርጥ አትሌት በተፈጥሮው ጥቂት ስለሆነ እያንዳንዳቸው ትንሽ ተጽዕኖ ያላቸውን በመቶ የሚቆጠሩ ጂኖች በ1,520 ሰው መለየት ያስቸግራል። መመርመሪያዎቹም በአብዛኛው የተዘጋጁት በአውሮፓውያን ዲኤንኤ ላይ ተመሥርተው ነው፤ ከሁሉም አህጉር የበለጠ የዘረመል ልዩነት ያለው ግን በአፍሪካ ነው። የቁመናና የባት ቅጥነትም በከፍተኛ ደረጃ እንደሚወረስ ማንም አይክድም። ወደፊት ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገ ሰፊ ጥናት አንዳንድ ነገር ቢያገኝ ሊያስደንቅ አይገባም።

ይሁንና ለቶኪዮው ውጤት ይህ ማብራሪያ አይሆንም። ኢትዮጵያ በ2022 ዩጂን ላይ 4 ወርቅ አግኝታ በሜዳሊያ ሰንጠረዡ ሁለተኛ ነበረች፤ በ2023 ቡዳፔስት ላይ 2፤ በ2025 ምንም። የሕዝብ ዘረመል በሦስት ዓመት አይለወጥም። የሚለወጡት የቡድን ምርጫ፣ ጉዳት፣ የውድድር ስልት፣ ከ2017 ወዲህ የመጡት ሶላቸው ውስጥ የካርቦን ንጣፍ ያለባቸው ጫማዎች፣ የተፎካካሪዎች የከፍታ ልምምድ ናቸው። የወንዶች የ10 ሺህ ሜትር ውድድር ቀርፋፋ ሆኖ በመጨረሻው ዙር ፍጥነት ነው የተወሰነው፤ ይህ ስለ አሠልጣኞች ስብሰባ እንጂ ስለ ደም የሚያወያይ ጉዳይ አይደለም። ሲፋን ሐሰንንም ሁለቱም ወገን ይጠቅሳታል፦ አዳማ ተወልዳ በ15 ዓመቷ ኔዘርላንድ የገባች፣ በ2024 ፓሪስ ላይ ማራቶን ያሸነፈች። ጂኗ ኢትዮጵያዊ ነው ይላሉ፤ ልጅነቷም ኢትዮጵያዊ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው

ክርክሩ የወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በውጭ አገር ምራቅ በፖስታ ተቀብለው የልጅን የስፖርት ዝንባሌ እንነግራለን የሚሉ ኩባንያዎች ብዙ ናቸው። በ2015 የዘርፉ ተመራማሪዎች ባወጡት የጋራ መግለጫ እነዚህ ምርመራዎች ተሰጥኦ ለመለየትም ሆነ ልምምድ ለመምረጥ እንደማያገለግሉ፣ በልጆች ላይም ሊደረጉ እንደማይገባ ተናግረዋል። ዘመናዊ የግል ክሊኒኮች በበዙበት በቦሌና በመሃል ከተማው አገልግሎቱ ቢመጣ ገዢ እንደማያጣ መገመት አያስቸግርም። የአንድ የ14 ዓመት ልጅ የ3 ሺህ ሜትር ሰዓትና በአንድ ወቅት ልምምድ ውስጥ ያሳየው መሻሻል ከየትኛውም የምራቅ ናሙና ይልቅ ስለ እርሱ ይናገራል፤ ዋጋውም የአንድ ሰዓት መያዣ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የናሙናው ባለቤትነት ነው። ለኤስአርዋይ ምርመራ የተወሰደ ናሙና ሌላ ጂን ለማየትም ይበቃል። የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚጠፋ፣ ያለ አትሌቷ ፈቃድ ለምርምር እንዳይውል ማን እንደሚቆጣጠር ፌዴሬሽኑ አትሌቶቹ በሚገባቸው ቋንቋ ጽፎ ሊሰጣቸው ይገባል። የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ጂንን በመቀየር አቅም ማሳደግን ከ2003 ጀምሮ ከልክሏል፤ ኢትዮጵያ በዶፒንግ ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው አገሮች መደብ ውስጥ ስላለች የአትሌቶቿ የሥነ ሕይወት መረጃ በተደጋጋሚ ይሰበሰባል።

ሦስተኛው ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። በአርሲም በሸዋም ትምህርት ቤቶች ወደ መንደር እየቀረቡ፣ ባጃጅም እየገባ ነው። ሯጩን የሚያፈራው በዋናነት ውርስ ከሆነ የሜዳሊያው ቁጥር በዚህ ሊነካ አይገባም፤ አኗኗሩ ከሆነ ግን በአንድ ትውልድ ውስጥ ይታያል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በተቃራኒው፣ የኮሪደር ልማቱ ያመጣቸው ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ላይ ጠዋት የሚሮጠው ሰው በርክቷል። ሰዓት ይዞ የሚቆም አሠልጣኝና ለታዳጊዎች የሚሆን መም ከተጨመረበት፣ የመሃል ከተማው ልጅ ከፍታውና ውርሱ ምን ያህል እንደሚያስኬደው ለመጀመሪያ ጊዜ መለካት ይቻላል።